የቀዩ ቦቴ ጎማ

ከትምህርት ስመለስ ባሌ ሙሄዲን ተንበርክኮ ምንጣፉን በመዳፉ እየዳበሰ ነበር። ልጃችን ሰልዋ አጠገቡ ተቀምጣ ታየዋለች። ሰላም እንኳ አላለኝም።

«ምን ጠፋብህ?» አልኩት።

«ምንም። ጎማ ነው።»

«የምን ጎማ?»

«የቦቴው።» ቀና ብሎ አላየኝም። «አሁን እዚህ ትሪው ላይ ነበር።»

ደብተሬን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ሙሄዲን እዚሁ ኮምቦልቻ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ቀን የሰው መኪና ይቀባል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የአሻንጉሊት መኪና ያድሳል። የፕላስቲኮቹን አይደለም። ድሮ የአሰብ ሾፌሮች ከወደብ ለልጆቻቸው ይዘው ይመጡ የነበሩትን፣ ከብረት የተሠሩትን፣ መዳፍ ላይ የሚያርፉትን ትንንሽ መኪኖች ነው። ልጆቹ አድገው ልጅ ወልደዋል። መኪኖቹ ግን በየአልጋው ሥር፣ በየሳጥኑ ውስጥ ቀለማቸው ተላልጦ ቀርተዋል። ሙሄዲን እየዞረ ይፈልጋቸዋል። ከሥራቸው ያለውን ማያያዣ ሪቬት በስቶ ቦዲውን ከሻንሲው ይለያል፤ ዝገቱን ይፍቃል፤ ቀለም ቀብቶ መልሶ ይገጥማል። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። አይሸጥም። ለምን እንደማይሸጥ ብጠይቀው «ታዲያ ማን ያያቸዋል?» ይለኛል።

ድሮ ጓሮ ነበር የሚሠራው። ወደ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። የጎልማሶች ትምህርት ስጀምር፣ «ጓሮ ሆነህ ልጅቷን እንዴት ታያታለህ? ትሪህን ይዘህ ግባና አጠገብህ ትሁን» አልኩት። ሽታው ይጎዳታል ብዬ ቀለሙንና ቲነሩን ብቻ ውጭ አስቀረሁበት። ጎማ ይዋጣል ብዬ አላሰብኩም።

«በልታዋለች» አልኩ።

«ቆይ እስቲ ሸሪፋ። ቁም ሳጥኑ ሥር ገብቶ ይሆናል።»

«በልታዋለች! አፏን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። ባዶ ነው።»

«ባዶ የሆነውማ ስለዋጠችው ነዋ!»

ሰልዋን አነሳኋት። ገና አንድ ዓመት ተኩሏ ነው፤ ሳሙና ልሳለች፣ የበር ቁልፍ ነክሳለች፣ የኔን እርሳስ ጫፉን በልታለች። አፏን ከፈትኩ። ከምላሷ ሥር ጥቁር ነገር ያየሁ መሰለኝ። ወደ መስኮቱ ሳዞራት የለም። ሳቀችብኝ።

ሙሄዲን ቁም ሳጥኑን ገፋው። ከሥሩ የጠፋብኝ ማበጠሪያና አቧራ ወጣ። ምንጣፉን ደጅ አውጥተን አራገፍን። ትራሶቹን አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው። ጎማው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ናት፤ የትም ልትገባ ትችላለች። እኔ ግን የትም እንዳልገባች አውቄያለሁ።

ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ትንፋሿን አዳምጦ «ለጊዜው ደህና ናት፤ ለራጅ ግን ደሴ ውጡ» አለን። ሙሄዲን ቦቴውን በጃኬቱ ኪስ ይዞ እንደነበረ ያወቅሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ይጎተታል። እኔ ሰልዋን አንዴ ደረቴ ላይ፣ አንዴ ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ። ስትተነፍስ አፍንጫዋ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ዝም ስትል እቀሰቅሳታለሁ፣ ስታለቅስ ደስ ይለኛል።

አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አላስቻላቸውም።

«ምን ሆናባችሁ ነው ልጄ? አሟታል?»

«ጎማ ውጣ ነው አባባ» አልኳቸው።

«የምን ጎማ?»

«የቦቴ።»

ረዳቱ ከበሩ ዞረ። «የቦቴ ጎማ? ይቺ? ተሳቢውንስ የት አደረገችው?»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሙሄዲንም ሊስቅ ሲል አየኝና ተወው። ቦቴውን ከኪሱ አውጥቶ ለሽማግሌው ሰጣቸው። ቀይ ነው፤ ገና አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ ገለበጡት፣ ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«ሱብሀን አላህ! ይቺንማ አውቃታለሁ። ከየት አገኘሃት?»

«ሐርቡ ነው። ጋሽ እንየው የሚባሉ የጥንት ሾፌር አሉ። ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቻቸው ነው የሰጡኝ።»

«ጎማዋ የራሷ ነው?»

«የፋብሪካው ነው። ስድስቱም።»

«አምስቱ» አልኩ እኔ።

ሽማግሌው ቦቴውን መለሱለትና ለልጄ ዱአ ማድረግ ጀመሩ።

ሆስፒታል ራጅ የምታነሳው ጽናት የምትባል ልጅ ነበረች። «ብረት ነው የዋጠችው?» አለችኝ።

«ጎማ ነው።»

ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ። «ጎማ አንዳንዴ ራጅ ላይ አይታይም። ከዚያው ዓይነት ሌላ ይዛችኋል?»

ሙሄዲን ቦቴውን አወጣ። የኋላውን ጎማ በጥፍሩ ከቸርኬው ላይ ፈልቅቆ ሰጣት። ዓይኑን ከእጇ አልነቀለም፤ ለልጁ ሰግቶ ይሁን ለጎማው እንጃ። ጽናት ሰልዋን ካስተኛች በኋላ ጎማውን ከጎኗ፣ ወገቧ አጠገብ አስቀመጠችው።

«አብሮ ይነሳ» አለች። «ይሄኛው ከታየ ያኛውም ይታያል ማለት ነው። ይሄኛው ካልታየ ግን ሆዷ ባዶ ነው ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።»

ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ አለበሰችኝና ሰልዋን ትከሻዋን ያዝኳት። ጮኸች። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ መቀመጥ አልቻልኩም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄድኩ፣ መለስኩ። ሙሄዲን «አብሽሪ» ይለኛል፤ እሱ ራሱ ግን የያዘውን ቦቴ በአውራ ጣቱ እየነዳው ነበር፣ ጎማ በሌለው በኩል ቸርኬው ጉልበቱን እየቧጨረው።

ጽናት ጠራችን። ስክሪኑ ላይ የልጄ አጥንቶች እንደ ዓሣ አጥንት ቀጭን ሆነው ይታያሉ። ከወገቧ ውጭ አንዲት ደብዛዛ ቀለበት አለች። ሆዷ ውስጥም አንዲት ደብዛዛ ቀለበት አለች። ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ዶክተሩ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «ከጉሮሮዋ አልፏል፤ ጨጓራዋ ውስጥ ነው። ጠርዝ የለውም፤ በራሱ ይወጣል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት እንዳትሰጧት። ካስመለሳት ወይም ሆዷ ከተነፋ ግን ወዲያው አምጧት። እስከዚያ ዳይፐሯን እያያችሁ ጠብቁ።»

«መቼ ይወጣል?»

«እሷ ናት የምታውቀው» አለኝና ፈገግ አለ። እኔ አልሳቅሁም።

ጎማው ሳይወጣ ከሆስፒታል አልርቅም አልኩ። እዚያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖረው የሙሄዲን እህት ሱሀይላ ቤት ገባን። ሙሄዲን ሥራ ስላለበት ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ በር ላይ ቆመ። ሰልዋን ሳማት። እኔን አየኝ። ጫማውን አየ።

«ሸሪፋ…»

«ምን?»

«ሲወጣ… እንዳትጥይው እሺ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ጫማዬን አነሳሁ። ሱሀይላ መሀላችን ገብታ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «ሂድ አንተ! ሂድ ሳትገድልህ!» እያለች ወንድሟን ገፍታ አስወጣችው።

«የልጁን ሆድ ሳይሆን ጎማውን ነው የሚያስበው!» አልኩ።

«እንዲያውስ ባያስብ ነበር የሚገርመኝ» አለች ሱሀይላ። «ልጅ እያለም እንዲሁ ነበር። አባታችን ሲገርፉት መኪናዬን ያዙልኝ ይል ነበር።»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ሰልዋ ትጫወታለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። እኔ አልበላም፣ አልተኛም። ሆዷን በመዳፌ እነካለሁ። ጠንከር ያለ ይመስለኛል፤ የሱሀይላን ልጅ ሆድ ነክቼ አመሳስላለሁ። ዳይፐሯን በገለጥኩ ቁጥር ጓንት አድርጌ እፈልጋለሁ። «ዛሬስ?» ትለኛለች ሱሀይላ ከወጥ ቤት። «የለም» እላታለሁ። ሙሄዲን ይደውላል። «የለም» እለውና ሌላ ቃል ሳልጨምር እዘጋበታለሁ።

የወጣ ዕለት ብቻዬን ነበርኩ። ጥቁር፣ ሙሉ፣ ምንም ያልሆነ። ሰልዋን ታቅፌ አለቀስኩ፤ እሷም ግራ ገብቷት አብራኝ አለቀሰች። ልጥለው ወደ ደጅ ወጣሁ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ተመልሼ ሙሄዲን ጋ ደወልኩ።

«ወጣ» አልኩት።

«አልሀምዱሊላህ!» አለ። ስልኩን ግን አልዘጋም።

«ጠይቀኛ» አልኩት።

«ምኑን?»

«መጠየቅ የፈለግኸውን።»

«ወላሂ አልጠይቅም።»

«አልጣልኩትም።»

ትንፋሹን ሰማሁት።

«ግን አታየውም» አልኩ። «ጓሮ ላይ በርና ቁልፍ ያለው ክፍል ሳትሠራ አታየውም። ከመኪኖችህ አንዲት ብሎን እንኳ ከእንግዲህ የቤቴን ደፍ አታልፍም።»

«እሺ። ነገውኑ ቆርቆሮ አመጣለሁ። ታዲያ አንቺ ስትማሪ ልጅቷን ማን ያያታል?»

«አንተ።»

«ጓሮ ሆኜ?»

«ቤት ሆነህ። እጅህ ባዶ ሆኖ።»

ለሱ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ቀብቶ የሚያርፈው በዚያች ሥራ ነው። ግን ቃሌን አላነሳሁም። ትምህርቱን ልተው ብል እሱም ደስ እንደማይለው፣ እኔም እንደምሞት ሁለታችንም እናውቃለን።

«ባዶ ሆኖ» አለ በመጨረሻ። «እሺ።»

ክፍሏ ከቆርቆሮና ከአሮጌ መዝጊያ ተሠራች። መኪኖቹ ሁሉ ገቡ። ጎማውን በፈላ ውሃ ቀቅዬ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠሁት። እኔ እያየሁት አልገጠመውም፤ አፍሮ ነው መሰለኝ።

ወደ ትምህርት የተመለስኩ ዕለት ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ እንጂ አልተማርኩም። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ እኔ በሩን አያለሁ። ሌሎቹ አንድ ላይ ሲያነቡ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ሳይጨርስ አስፈቅጄ ወጣሁ፤ እየተራመድኩ ጀመርኩና እየሮጥኩ ደረስኩ።

በመስኮት ተመለከትኩ፤ ሙሄዲን ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ሰልዋ ሆዱ ላይ ተቀምጣ ጢሙን ትጎትታለች። እጁ ባዶ ነው። በጓሮ ዞሬ የክፍሏን ቁልፍ ነካካሁት፤ ተቆልፏል።

«ቶሎ መጣሽ» አለኝ ስገባ።

«አለቀ» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። ሰልዋ ጉንጯ አብጦ የሆነ ነገር ታላምጣለች።

«ምንድነው አፏ ውስጥ?»

«ዳቦ ነው። እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«እሺ» አልኩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነጠላዬን አወለቅሁ። ከዚያ ጣቴን አፏ ውስጥ ከተትኩ። ዳቦ ነበር። አጥብቃ ነከሰችኝ።