በርበሬ በርበሬ የሚል ስኳር

የከድጄን ወረቀቶች ወንድሟ ራምዚ አንስቶ ለባለሱቁ ለከድሮ ሰጣቸው፤ ከድሮም ስኳር ይጠቀልልባቸው ጀመር። አስከሬኗ ገና መቃብር አልደረሰም ነበር።

የራምዚ ልጅ ናጃህ ይህን ያወቀችው በማግስቱ ጠዋት፣ ለቀስተኞቹ ሻይ እየጠጡ ማሳል ሲጀምሩ ነው።

«ይሄ ሻይ ምን ነክቶታል?» አለች ከመስቃን ገጠር የመጣች አንዲት ዘመድ፣ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ዝንጅብል አበዛችሁበት እንዴ?»

«ኧረ ዝንጅብል የለበትም» አለች የናጃህ እናት።

«ታዲያ ጉሮሮዬን ምን ለበለበው?»

«ሐዘን ነዋ» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው፣ እሷም እየሳለች።

ናጃህ ማድ ቤት ገብታ ከስኳሩ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች። መጀመሪያ ጣፈጣት፤ ቀጥሎ ምላሷን አቃጠላት። ባዶ እጁን የሚመጣ ለቀስተኛ ስለሌለ ከሳህኑ አጠገብ የስኳር መጠቅለያ ተከምሯል፤ ለእሳት ማያያዣ ታስቦ። አንዱን ዘረጋችው። በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ የደበዘዘ የተማሪዎች መጽሔት ገጽ ነው፤ የስልሳዎቹ ዓመታት። ሁለተኛውን ዘረጋች። አፍሮ ያበጠረች ዘፋኝ፣ ግማሽ ፊቷ። ሦስተኛው ባለፈው ኅዳር ከመዘጋቱ በፊት የወጣ ጋዜጣ ነበር፤ እሱን ራሷ ናት ከአዲስ አበባ ለአክስቷ ያመጣችላት።

ትናንት ማታ ከዩኒቨርሲቲ ስትደርስ የአክስቷ ክፍል ባዶ ሆኖ ምንጣፍ ተነጥፎበት አይታ፣ ጆንያዎቹ ዕቃ ቤት የገቡ መስሏት ነበር። አልጠየቀችም። አሁን በራሷ ተናደደች።

አባቷን ከድንኳኑ ጠርታ አወጣችው።

«የአክስቴ ወረቀት የታለ?»

«ሴቶቹ የሚቀመጡበት ጠፋ፣ ናጁ። ለከድሮ ሰጠሁት።»

«ሁሉንም?»

«ወረቀት ነው እኮ!»

«ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«የትም አትሄጂም። አክስቷ ትናንት የተቀበረች ልጅ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር ሰው ምን ይላል? ነገ ሰደቃው ይውጣ፤ ከዚያ የፈለግሽበት።»

«ነገ ገበያ ነው፣ አባ። ሰደቃው እስኪወጣ ከድሮ ጋ ምን ይተርፋል?»

ራምዚ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ቀጭን ሰው ነው፤ ትከሻው ከልብስ ስፌት መኪናው ጋር እንዳጎነበሰ ቀርቷል። ሲሄድ ግን ፈጥኖ ነው የሄደው።

ናጃህ ትልቁን ሳህን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። መሄድ ከተከለከለች የሚመጣውን ትቀበላለች። ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር ተነስታ ትስማለች፣ «አላህ ያጽናችሁ» ሲሏት «አሚን» ትላለች፣ ጥቅሉን ትቀበላለች፣ ስኳሩን ሳህኑ ላይ ትገለብጣለች፣ ወረቀቱን አራግፋ ከጭኗ ስር ታደርጋለች። እኩለ ቀን ሳይሆን ሐሜቱ ውስጥ ደረሰ።

«የራምዚን ልጅ አያችኋት? ስኳሩን በር ላይ እየለካች ነው የምታስገባው።»

«ዩኒቨርሲቲ ይኼን ነው እንዴ የሚያስተምሩት?»

እናቷ መጥታ በጆሮዋ «አንቺ ልጅ፣ አዋረድሽን» አለቻት።

«ኡሚ፣ ያንን ሰማያዊ ፌስታል አቀብዪኝ። ይኼኛው ሞልቷል።»

ከድጄን ቡታጅራ የሚያውቃት በበርበሬ ሻጭነቷ ነው። አላገባችም። ባል ካላቸው ሴቶች ይልቅ ግን የምትፈልገውን ታውቅ ነበር። መጠቅለያ ብላ በኪሎ የምትገዛውን አሮጌ ወረቀት መጀመሪያ ራሷ ትለቅመዋለች፤ የቀረውን ነው ለደንበኛ የምትጠቀልልበት። አገና ድረስ ሄዳ አንድ ኪሎ በርበሬ በአንድ መጽሔት የለወጠችበት ጊዜ ነበር። ሰው «ያቺ ወረቀት ለቃሚ» ይላታል። እሷም «አቤት» ትላለች።

ናጃህ አሥረኛ ክፍል ሳለች አብራት ወልቂጤ ሄዳ ነበር። አንድ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የድሮ የሙዚቃ ምሽት ፖስተር ተለጥፏል፤ ቤልቦተም የለበሱ ጎረምሶች፣ ከስር የቀለም ማስታወቂያ። ከድጄ ባለቤቱን አስፈቅዳ፣ ፎጣ በውሃ እያራሰች ግድግዳው ላይ ትጫን ጀመር። ፖስተሩ ጫፉ ይለቃል፤ እንደገና ታርሳለች።

«አክስቴ፣ መኪናው ያመልጠናል።»

«ሌላ መኪና አለ። ሌላ ፖስተር ግን የለም።»

«ምን ያደርግልሻል? አንቺ ዘፈን አትሰሚ፣ ፖለቲካ አታወሪ።»

ከድጄ እጇን ሳታነሳ መለሰችላት። «አንድ ወረቀት ብቻውን ከተቀመጠ ምን እንዳለ አይታወቅም። ከነወዳጁ ከነጠላቱ ሲሆን ነው የሚነበበው።»

ናጃህ ያኔ የገባት፣ ምሳ እንዳልበላች ብቻ ነበር። ሰብሳቢ ሰው እብድ ነው ብላ አሰበችና ተወችው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ማጥናት ስትጀምር፣ አስተማሪዋ «ጠፍተዋል» ካላቸው ወረቀቶች ውስጥ ሁለቱን ከአክስቷ አልጋ ስር ስታገኛቸው ነው አፏን የያዘችው።

ከሰዓት በኋላ ከድሮ ራሱ መጣ፤ ስኳር ይዞ።

«አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጀነት ይወፍቃት።»

«ወአለይኩም ሰላም። አሚን። ጋሼ ከድሮ፣ ወረቀቱ ምን ያህል ቀረ?»

«የቱ ወረቀት?»

«በርበሬ የሚሸተው።»

ከድሮ ሳቀና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። «ወላሂ ደንበኛ አስረገመኝ! አንዷ ለአራስ አጥሚት ስኳር ገዝታ፣ አራሷን አስለቀስካት ብላ ሱቄ ድረስ መጣችብኝ።»

«እንግዲያ መልስልኝ።»

«አንድ ጆንያ ሙሉ አልተነካም። ግን ነገ ገበያ ነው፤ በምን ልጠቅልል?»

«በፌስታል።»

«አባትሽ ደግሞ ቶሎ ጨርሰው ነው ያለኝ። አንዲት ገጽ እንኳ ወደዚህ ቤት እንዳትመለስ ብሎ።»

ናጃህ እሱ ያመጣውን ጥቅል ሳህኑ ላይ ገልብጣ ወረቀቱን አሳየችው። «ይኸው፣ አንተው እየመለስካት ነው።»

ከተናገረች በኋላ ነው የከድሮ ቃል የገባት። አባቷ ወረቀቱን የሰጠው ቦታ ስለጠበበ አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ወለተጊዮርጊስ መጡ። ከጎንደር ተመድበው መጥተው እዚሁ ያረጁ አስተማሪ ናቸው። ስኳሩን በቆርቆሮ ጣሳ ነው ይዘው የመጡት፤ መጠቅለያውን ለብቻው አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተውታል።

«ይኼ ስኳር የሚጠቀለልበት አይደለም፣ ልጄ» አሉና ሰጧት። «ርዕሱን እይው። በእጅ የተጻፈ ነው። ‹መ›ን እንዲህ ጭራ የሚያበጅላት አንድ ተማሪ ነበረኝ። አብዱልሃፊዝ።»

አብዱልሃፊዝ በቤቱ ስሙ የማይነሳ ሰው ነበር፤ የአባቷና የከድጄ ታናሽ ወንድም፣ በደርግ ጊዜ ተወስዶ የቀረ።

«እሱ ነው የጻፈው?»

«እሱ ይጽፋል፣ ከድጄ በበርበሬ ጆንያ ውስጥ ትደብቃለች። ወታደሮች ሊፈትሹ ሲመጡ እኔም ግቢው ውስጥ ነበርኩ። አንዱ ወታደር እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተና ማስነጠስ ጀመረ። ደግሞም ሞከረ፤ አልቻለም። ዓይኑን እያሸ ወጣ።» አሮጊቷ ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ተዉት። «ወረቀቱን አላገኙትም። ልጁን ግን ቤት አገኙት።»

ናጃህ ለቀስተኛው እስኪሳሳ አልጠበቀችም። አባቷን የስፌት መኪናው ያለበት ክፍል ውስጥ አገኘችው፤ ለብቻው ተቀምጧል።

«ሆን ብለህ ነው የሰጠኸው።»

ራምዚ አልካደም። «ሆን ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«ወረቀቱ ተረፈ፣ ልጁ ቀረ። በዚያ ጆንያ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር፣ አንተ ተረፍክ እለው ነበር። ከድጄ በሕይወት እያለች ምን ላድርጋት? የእሷ ነው። እሷ ስትሞት ግን ለማን ይተላለፋል? ለአንቺ።» ድምፁ ከፍ አለ። «ኅዳር ላይ የዩኒቨርሲቲያችሁን ልጆች ፖሊሶች በመኪና ጭነው ሲወስዷቸው እኔ እዚህ ስልክ ይዤ አድሬያለሁ። ደግሞ ሌላ ልጅ ልስጥ?»

«እሱን የወሰደው ወረቀት አይደለም፣ አባ። ሰዎች ናቸው።»

«ይቀልሻል ለመናገር።»

«የእሱ ፎቶግራፍ የታለ?»

ራምዚ ወደ ስፌት መኪናው ዞረ።

«የታለ?»

«አቃጠልነው። በዚያ ዘመን ፎቶም ያስገድል ነበር።»

«እንግዲህ ከእሱ የቀረው ይኸው ነው።» እትዬ ወለተጊዮርጊስ የሰጧትን ገጽ መኪናው ላይ፣ ከመርፌው ስር አስቀመጠችው። «የቀረው ደግሞ ነገ ጠዋት ገበያ ይወጣል።»

አባቷ አላነሳውም። ትታው ወጣች።

በነጋታው ጠዋት ጓሮው ውስጥ ለሰደቃው በግ ይታረዳል፣ ድስት ይጣዳል። ናጃህ በአክስቷ ክፍል ምንጣፉን ወደ ጥግ ጠቅልላ፣ ያዳነቻቸውን ወረቀቶች መሬት ላይ ዘርግታለች። የተማሪዎቹን መጽሔት ከደርግ መፈክር አጠገብ፣ ቀንደኛ ተቃዋሚዎቹን ጎን ለጎን፣ ዘፋኟን መሃላቸው። የተጨማደደውን በመዳፏ ታቃናለች፤ ጣቷ ስለሚለበልባት ዓይኗን አትነካም።

ራምዚ ገባ። እጁ ላይ ገና ያልተፈታ የስኳር ጥቅል አለ፤ በጠዋት የመጣ ለቀስተኛ ለእሱ ሰጥቶት ይሆናል። ሳህን ፈልጎ ስኳሩን ገለበጠ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በአውራ ጣቱ አቃና፤ ጨርቅ ከመስፋቱ በፊት እንደሚያቃናው። ከዚያ ከኪሱ የትናንቱን አወጣና ሁለቱን አስተያየ። መስኮቱ ወዳለበት ዞሮ ወደ ብርሃኑ ያዛቸው።

«የእሱ ናት» አለ። «ጭራዋን እያት።»

ናጃህ ከበሩ ጀርባ ባዶ የበርበሬ ጆንያ አንስታ አራገፈችው። ሁለቱም አነጠሱ።

«ከድሮ ሱቁን ከፍቷል» አለች። «እሄዳለሁ።»

«ሰደቃው ሳይወጣ?»

«ሳይወጣ።»

«ሰው ያይሻል።»

«ይየኛ።»

አየት አደረጋት። «ሻሽሽን አጥብቂ እንግዲህ» አለ።

በሩን ስትከፍተው ነፋስ ገባና ወረቀቶቹን ከመሬት አነሳቸው። ራምዚ በጉልበቱ ወድቆ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ የቻለውን ያህል ተጫናቸው። ናጃህ ጆንያውን በብብቷ ይዛ ወጣችና በሩን ዘጋችላቸው፤ ለእሱና ለወረቀቶቹ።