የማናውቀው ሰው ተዝካር

ከላቭሪዮ ወደብ የተነሳነው አርብ ከሰዓት ነው፤ እኔ፣ እጮኛዬ ሌአንድሮስ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ኢስሚኒና ባሏ ፋኑሪስ። ሐሳቡ የኢስሚኒ ነበር። «ለጥቅምት ሠርግሽ መሯሯጥ ሳትጀምሪ ኪትኖስ ደሴት ሄደን ሁለት ቀን ተንጋለን እንምጣ» አለችኝ። እኔም እረፍት መስሎኝ እሺ አልኩ። ገና መርከቡ ላይ ሳለን ሌአንድሮስ ሁለት አሮጊቶች ሊቀመጡበት የነበረውን አግዳሚ «ተይዟል» ብሎ ከለከላቸው፤ ከዚያ ጫማውን አውልቆ እግሩን ዘረጋበት። እግሩ ይሸታል። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳይሸተኝ ኖረ እያልኩ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

ቅዳሜ እስከ ቀትር ዋኘን። የነሐሴ መጨረሻ ስለሆነ ወደቡ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች ጢም ብለው ሞልተዋል፤ አስተናጋጆቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። ወንዶቹ ረሃብ አይችሉም። ወደ ላይኛው መንደር ስንወጣ ፋኑሪስ እንደ ሕፃን እየተነጫነጨ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው አዳራሽ የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ሲመጣ ግን ድምፁን አጠፋ። በሩ ላይ ጥቁር የለበሰች ልጃገረድ ስኳር የተነሰነሰበት ንፍሮ ታድላለች።

«የሰው አርባ ነው» አለ ፋኑሪስ።

«እንግዲያስ ዓሣ አለ። ኮኛክም አይጠፋም» አለ ሌአንድሮስ፣ የሸሚዙን ቁልፎች እየቆለፈ።

እኛ አገር ተዝካር ላይ ማንም «ማን ጠራህ?» አይባልም። ነፍስ ይማር ብሎ የገባ ሁሉ ይቀመጣል፤ ሐዘንተኛው ሰው በበዛለት ቁጥር ይጽናናል። ሌአንድሮስም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

«ተው፣ ደስ አይልም» አልኩት። «ዳቦና ቲማቲም ገዝተን እንብላ። ጎመን በጤና።»

«አንቺ ደግሞ! ለሟቹ እኮ ጽድቅ ነው።»

«ሆዱ ሲጮህ ይመንናል» ብላ ኢስሚኒ ሳቀችና ቀድማን ገባች።

ሌአንድሮስ በሩ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ የሟቹን ስም አነበበ። ስታማቲስ ይባላሉ። ሚስታቸውን እማማ ካሊሮይን ጨብጦ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ሲል ድምፁ በደንብ አዝኖ ነበር። እኔም ተከትዬ ጨበጥኳቸው። እጃቸው ደረቅና ቀዝቃዛ ነው።

ዓሣ፣ የተቀቀለ ጎመንና ኮኛክ ቀረበልን። ሌአንድሮስ የዓሣውን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ይመጠው ጀመር። ዘይቱ በጺሙ ላይ ይወርዳል። ፋኑሪስ ደግሞ በአጥንቱ ጥርሱን ይጎረጉራል። ሹካዬን አስቀመጥኩ፤ ሳህኔን አልነካሁትም።

እማማ ካሊሮይ ከየጠረጴዛው ሲያመሰግኑ ቆይተው እኛ ጋ ደረሱ። «ኑሩልኝ ልጆቼ። ስታማቲስን ከየት ታውቁታላችሁ?»

ሌአንድሮስ መንገደኞች ነን ቢል ይበቃ ነበር። ሴትዮዋ እንዲያውም ይመርቁን ነበር። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ጋሽ ስታማቲስን? ላቭሪዮ በመጡ ቁጥር አብረን ነበርን!» አለ። «ምን ዓይነት ሳቂታ ሰው ነበሩ! አንድ ቀንማ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ሲጨፍሩ ማውረድ አቃተን።»

«እኔ በሳቅ ሆዴን ነው ያመመኝ» አለ ፋኑሪስ።

እማማ ካሊሮይ ፊታቸው ተለዋወጠ። ቀስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። «ሳቂታ? የኔ ስታማቲስ?» አሉ። «ልጃችን ባሕር ከበላው ወዲህ ጥርሱን አይቼ አላውቅም። እኔም አብሬው ዝም አልኩ። ሬዲዮ እንኳ ሳንከፍት አረጀን። ላቭሪዮ የሚሄደው ለሐኪም ነው ይለኝ ነበር…» የነጠላቸውን ጫፍ ጨበጡ። «እዚያ ይጨፍር ነበር?»

አሁን እንኳ ውሸቱን ይተዋል ብዬ ሌአንድሮስን አየሁት። ኮኛኩን ጨለጠና «ሰው እኮ ከቤቱ ሲወጣ ይቀለዋል፣ እማማ» አለ።

ኢስሚኒ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨመቀችው። «ዝም በይ» አለች በጆሮዬ። «ሠርግሽ ደርሷል። በሰው ፊት ብታዋርጂው መቼም አይረሳልሽም።»

እውነቷን ነው፤ ሌአንድሮስ ቂመኛ ነው። ግን አጠገቤ ያሉት ሴት ጥቁር ነጠላቸውን እየቋጠሩ እየፈቱ፣ ከባላቸው ጋር የኖሩትን ዕድሜ በሙሉ እንደ አዲስ እየከለሱ ነበር። ተነሳሁ።

«እማማ ካሊሮይ፣ ውሸት ነው» አልኩ። «ባልዎን አንድም ቀን አይተናቸው አናውቅም። ስማቸውን ያነበብነው በሩ ላይ ነው። የመጣነው ለዓሣው ነው።»

እማማ ካሊሮይ ነጠላቸውን ለቀቁ።

«አልጨፈረም?»

«ይህ ሰው አያውቃቸውም፣ እማማ። ከራሱ አውጥቶ ነው የነገረዎት።»

አማተቡ። «ተመስገን» አሉና ያን ጊዜ እንባቸው ወረደ። ሲነሱ ሌአንድሮስን ትኩር ብለው አዩት። «ርቦኝ ነው ብትለኝ እኮ እሰጥህ ነበር፣ ልጄ። ለምን ባሌን ወሰድክብኝ?»

ይህን ብለው ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄዱ። ኢስሚኒ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። ሌአንድሮስ ወደ እኔ ጠጋ አለ፤ ትንፋሹ ኮኛክና ዓሣ ይሸታል።

«አየሽ? ይኸው ምንም አልሆኑም። በከንቱ አዋረድሽኝ» አለ። ከዚያ ዓይኑ ሳህኔ ላይ አረፈ። «ካልበላሽው ወዲህ በይው።»

ሳህኑን ገፋሁለት።

«ብላ» አልኩት። «ሠርጉ ላይ ግን እኔ የለሁም።»