የወረደው ኪሎ

ተናኜ ሰማንያ ስድስት ኪሎ በነበረች ጊዜ ስሟ ከስኳር ጋር አብሮ ነበር የሚነሣው። ጉርድ ሾላ ባለው የቀበሌ ኅብረት ሱቅ የሕዝቡን የወር ስኳር ድርሻ የምትመዝነው እሷ ናት። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ እጁ ሥራ ስለሌለው ዓይኑና አፉ ይሠራሉ። "እኛ በወር፣ እሷ በየቀኑ" ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ከእሷ ጆሮ እንዲደርስ ያህል ብቻ። መልስ አታጣም። "እማማ፣ ከረጢትዎንም እንደ አፍዎ ይክፈቱት" ትልና ትገለብጣለች። ከሱቁ አንዲት ማንኪያ ነክታ አታውቅም። የወፈረችው እንደ ማንኛውም ሰው በገዛ ቤቷ እንጀራ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ ላይ ውኃ ጥሙ ሲበዛባት ክሊኒክ ሄደች። ሲስተር ኣምለሰት ውጤቱን አየችና ወሬ ሳታሳምር ነገረቻት።

"ስኳር በሽታ ነው። ከሰባ ኪሎ በታች ወርደው እዚያው ከቆዩ በኪኒን መኖር ይችላሉ። ካልሆነ በየቀኑ መርፌ ነው።"

ተናኜ መርፌውን ታውቀዋለች። እናቷ ወይዘሮ ወለተማርያም ስድስት ዓመት ተወግታለች። ፍሪጅ ስለሌለ ብልቃጡ እንስራ ሥር፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር የሚቀመጠው። መድኃኒቱ አንድ ወር ተገኝቶ ሁለት ወር ይጠፋል። በጠፋበት በአንዱ ክረምት የእናቷ እግር ቆሰለ፤ ከጉልበት በታች ተቆረጠ፤ ዓመት ሳይሞላ ቀበሯት። ስለዚህ ተናኜ "መርፌ" የሚለውን ቃል ስትሰማ ሲስተሯ የተናገረችው ሁሉ አልገባትም። "ከሰባ በታች ወርደው" የሚለው ገባት። "እዚያው ከቆዩ" የሚለው አለፋት።

በዚያው ሳምንት፣ በኅዳር ሚካኤል፣ ሰፈሯ ካለው ቦሌ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተሳለች። ኪሎዬን አውርድልኝ፣ ባለ ዘርፍ ጥላ አስገባለሁ አለች። ስለቱን እስክታስገባ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ላትሳፈር፣ ስኳርና ቅቤ ላትቀምስ፣ ከአንድ እንጀራ በላይ ላትደግም ቆረጠች። ሰውን መቋቋም አላስቸገራትም። "ስለት አለብኝ" ካለች የሚያስገድዳት የለም፤ ስለት ያለበትን ሰው በግድ አጉርሶ ከመልአክ ጋር መጣላት የሚፈልግ ማን አለ? ሰኔ ላይ ስልሳ ስምንት ገባች። ሰልፈኛው አሁን ደግሞ "ታስራ ነበር እንዴ?" ይል ጀመር። በሰኔ ሚካኤል ጥላውን አስገባች፤ ሴቶቹ እልል አሉላት።

ስለቱ ደረሰ። የደረሰ ነገር ደግሞ አለቀ ማለት ነው። በማግስቱ በአውቶቡስ ሄደች፤ ዝናብ ነበር፤ ማን ይፈርድባታል። ባሏ መኩሪያም "ሰው አስራባት እያለ ስሜን አጠፋው" እያለ ማታ ማታ ትሪዋ ላይ ይጨምርባት ጀመር። በፍልሰታ ትንሽ ቆም ብሎ የነበረው ኪሎ በእንቁጣጣሽና በመስቀል የቀረበትን አካካሰ። ጥቅምት ላይ የሱቁ የኩንታል ሚዛን ሰባ ሰባት አለ። እህል የሚመዝን ሚዛን ሰው አያፍርም።

ክሊኒክ ሄደች። ሲስተር ኣምለሰት ካርዱን አገላበጠች።

"ወርደው ነበር እኮ።"

"ወርጄ ነበር።"

"ለጥር አሥራ ስድስት ይምጡ። ያን ቀን ከሰባ በላይ ከሆኑ መርፌውን እንጀምራለን።"

ከዚያ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ሄደች። አባ ገብረትንሣኤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"አባ፣ ሌላ ስለት ልሳል ነው። ዘንድሮ ምንጣፍ።"

"ለምን ነገር?"

"ለዚያው ነገር።"

"ለዚያውማ ጥላ አስገብተሻል። የተቀበልኩሽ እኔ አይደለሁም?"

"ተመለሰብኝ። ዘጠኝ ኪሎ።"

አባ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። "እና ጥላውን መልሱልኝ ልትይ ነው?"

"ኧረ አባ፣ እኔ እንደሱ አልኩ?"

"መልአኩ የለመንሽውን ሰጠሽ። ከዚያ አንቺ ምን አደረግሽ?"

"በላሁ።"

"በእግርሽ መሄዱስ?"

"ስለቱ ደረሰ ብዬ ተውኩት።"

"እኔም ትናንት ቀድሻለሁና ነገ ልተኛ?" አሉ። "ልጄ፣ ምንጣፉን ለቤትሽ አንጥፊው። አልቀበልሽም።"

ተናድዳ ነው የሄደችው። ምንጣፍ የሚመልስ ቄስ አይታ አታውቅም። ያቺን ስለት የፈለገቻት ለመልአኩ ብቻ አልነበረም፤ ለሰውም ጭምር ነበር። ያለ ስለት እንዴት "አልበላም" ይባላል?

በማግስቱ ሱቁን ከፍታ፣ እንደ ልማዷ፣ ከመመዘን በፊት የሃያ ኪሎውን ብረት ሚዛኑ ላይ አኖረች። ሃያ ኪሎ ከሩብ አለ። ትናንት ልክ ነበር። ማንም አልነካውም፤ ሚዛን እንዲሁ ሲያድር ይዛነፋል። ለሰባት ዓመት በየጠዋቱ ስታስተካክለው አንድ ቀን እንኳ "ትናንት አስተካክዬህ አልነበር?" ብላ አኩርፋው አታውቅም። እጇ ብሎኑ ላይ እንዳለ ቆም አለች። ከዚያ አስተካከለችው፤ ብረቱን አወረደችና ራሷ ወጣችበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ሳትከፍት ትመዘናለች። ቁጥሩን በጠመኔ ከመደርደሪያው ጀርባ ትጽፋለች። ካለፈው ሳምንት አንድ ኪሎ ከጨመረች ያችኑ ሳምንት ትመልሳታለች፤ ዘጠኝ እስኪሆን አትጠብቅም። ጠዋት ከቦሌ ሚካኤል ጉርድ ሾላ በእግር፣ ማታ በአውቶቡስ። ሻይ ያለ ስኳር። እራት አንድ እንጀራ፣ በዓልም ቢሆን። በገና ጾም ወረደች፤ በገና ማግስት ሰባ አንድ ላይ ነበረች። ነገሩ የሚያስደስት አልነበረም። ሰው ሲቀንስ ሁሉም ያየዋል፣ ያወራለታል። ባለበት ለቆመ ሰው ግን እልል የሚል የለም።

ጥር አሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበር ተራው የእሷ ነበር። ታቦቱ ከገባ በኋላ አሥራ ምናምን ሴት ቤቷ ሞላ፤ አባ ገብረትንሣኤም ጸበል ጸዲቁን ባርከው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ተናኜ ወጡን እያወጣች፣ ጠላውን እየቀዳች ቆማ ዋለች። ዋነኛ ዘዴዋ ይኼው ነበር፤ የሚያበላ ሰው መብላቱን ማንም አይቆጥርም።

ሃረገወይን ግን ትቆጥራለች። ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ የሁለት ቤት ጎረቤት ናት፤ ተናኜ ከሳች ብላ በየወሩ ቅቤ የምትልክላት እሷ ናት። ከዶሮው ወጥ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች።

"ተናኜ፣ ነይ አፍሽን ክፈቺ።"

"በልቻለሁ።"

"መቼ? ከገባን ጀምሮ እንደ ዘብ ቆመሻል። በሞቴ!"

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ተናኜ ዞሩ። በሞቴ የተባለበትን ጉርሻ መመለስ የሴትዮዋን ሞት አቅልሎ ማየት ነው። "ስለት አለብኝ" የሚለው ምላሷ ጫፍ ደረሰ። አባ ከበሩ አጠገብ ጠላቸውን ይዘው ያዩዋታል። በዚያ ላይ በሚካኤል ቀን፣ በሚካኤል ማኅበር፣ በሌለ ስለት መዋሸት ነው።

ማሰሮውን አስቀመጠች።

"ስኳር በሽታ አለብኝ" አለች። "እናቴን የገደላት። ሰኞ ክሊኒክ እመዘናለሁ፤ ከሰባ ኪሎ ካለፍኩ መርፌ ይጀመርልኛል። አንቺ በሞቴ ትያለሽ፣ የምሞተው ግን እኔ ነኝ።"

ሃረገወይን ጉርሻውን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። የወጡ ቅባት ወደ ክንዷ ወረደ።

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ወር ቅቤ ስልክልሽ ዝም ትያለሽ?"

"ይጠቅማል ብለሽ ነው የላክሽው። መኩሪያ በላው። ሆዱን አታይም?"

መጀመሪያ የሳቁት አባ ናቸው፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሃረገወይን ጉርሻዋን ራሷ ጎረሰች። "በሞቴ ያልኩትን እኔው ልክፈለው" አለች አፏ ሞልቶ። ስትሰናበት ግን ተናኜን ከበሩ ውጪ ጎተት አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ አጥሩ መልሳ፣ ክሊኒኩ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀቻት። እሷንም ሌሊት ሌሊት ውኃ ይጠማታል።

ሰኞ ሲስተር ኣምለሰት የሚዛኑን ቁጥር ሁለት ጊዜ አየች።

"ስልሳ ዘጠኝ ተኩል። ደሙም ጥሩ ነው። በኪኒኑ ይቀጥሉ።"

"መርፌው ቀረ?"

"ለጊዜው ቀረ።"

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የምሆነው?"

"እስካሉ ድረስ" አለችና ካርዱ ላይ ቀጣዩን ቀጠሮ ጻፈች፤ ሚያዝያ አሥራ ሰባት።

ተናኜ ካርዱን ተቀብላ አነበበች፣ መልሳም ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ይኼ ሁዳዴ ነው።"

"እና?"

"በሁዳዴማ ማን የማይከሳ አለ። ከፋሲካ በኋላ ያድርጉልኝ።"

ሲስተሯ ብዕሯን እንደያዘች ቀና አለች። "ሰው ሁሉ ከፋሲካ በፊት አድርጊልኝ ብሎ ነው የሚለምነኝ።"

"እኔ ያለሁበትን ማወቅ ነው የምፈልገው።"

"ከፋሲካ በኋላ እኮ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሃምሳ ቀን ሙሉ ሰው ይበላል።"

"አውቃለሁ። በመሃሉ ያድርጉት።"

ሲስተር ኣምለሰት ሚያዝያን ሰርዛ ግንቦት አሥራ አምስት ብላ ጻፈች። ተናኜ ቀኑን አንድ ጊዜ አይታ ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። ሱቁ በአራት ሰዓት ይከፈታል፤ ሰልፉ ከአሁኑ ተይዟል።