ለሌላ ሰው የመጡ ደብዳቤዎች

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነበር የሚኖረው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች፣ "ሦስት ቀን ጸሎትና ጽሞና ነው፤ ነፍስዎ ትታደሳለች" ብለው ሲጋብዙት፣ "ጽሞናስ ቤቴም ሞልቷል" ብሎ ቀለደባቸው። ግን ሱቁን ዘግቶ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አስተባባሪዋ ከረጢት ይዛ አዳራሹ ገባች። የተሳታፊዎቹ ቤተሰቦች በምስጢር የጻፉላቸውን ደብዳቤ ስም እየጠራች አደለች። ሰዉ ፖስታ ሲቀድ፣ ሲስቅ፣ አፍንጫውን ሲጠርግ፣ ልብስ ሰፊው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከረጢቱ ባዶ ሆነ።

"ለልጅዎ ደውለንላት ነበር" አለችው አስተባባሪዋ ጎንበስ ብላ። "ምናልባት ዘግይቶ ይሆናል።"

"አይዞሽ፣ አልዘገየም። አልተጻፈም።"

ልጁ ያልፈቀደውን ሰው አገባች ብሎ ሠርጓ ላይ አልተገኘም። ለስንቱ ሙሽራ የሰፋ ሰው ለገዛ ልጁ መርፌ ሳያነሳ ቀረ። እናቷ ስትቀበርም ጎን ለጎን ቆመው፣ ቃል ሳይለዋወጡ ተለያዩ።

ሊወጣ ሲል አብሮት የሚያድረው ሽማግሌ የጭነት መኪና ሹፌር እጅጌውን ያዘው። "ወንድሜ፣ መነጽሬን ረስቼ መጥቼ እኮ ነው። እስቲ አንብብልኝ።"

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደብዳቤዎቹ ሰባት ነበሩ፤ ሁሉም "አባዬ" ብለው ይጀምራሉ። አራተኛውን ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ አነበበው፦ "አባዬ፣ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥተህ 'ተሳስቻለሁ' ያልከኝን ቀን አልረሳውም።"

"እውነት ሄደው ነበር?"

"ሄድኩ እንጂ! ሁለቴ አላይህም ብላ መልሳኛለች። አባት ነኝ ብዬ ብኮፈስ ኖሮ ዛሬ ማን ይጽፍልኝ ነበር?"

በመጨረሻው ቀን ሌሎቹን ቤተሰቦቻቸው በር ላይ አቅፈው ሲቀበሏቸው፣ ልብስ ሰፊው በመሀላቸው ሾልኮ አውቶቡስ ተሳፈረ። ልጁ ወደምትኖርበት ከተማ ወርዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ አንኳኳ።

"አመመህ እንዴ?" አለች በሩን ገርበብ አድርጋ።

"ደኅና ነኝ። ሠርግሽ ላይ መቅረቴ ጥፋት ነበር። ይህንኑ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

ግባ አላለችውም። ደረጃውን መውረድ ሲጀምር ብቻ፣ "ስትደርስ ደውል" አለችው።

ደረሰና ደወለ። "ገባሁ።"

"እሺ" ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ይደውልላታል። አንዳንዴ ታነሳለች።