እርጥብ ሣርና ቁልፍ

«ወንበሩን ያዙ!» አለች ልክነሽ።

መኪናዋ ገና ከአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር አልወጣችም። ሹፌሩ ክብሩ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ አስፋልት ነው።»

«አስፋልቱ ያልቅ የለ?»

ልጇ አርሴማ ከኋላ ሆና ግንባሯን ያዘች። በአስጎብኚነት የመጀመሪያ ቀኗ ነው። እንግዶቿ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ጥዑመልሳንና ባለቤታቸው ናቸው። ጋሽ ጥዑመልሳን በወጣትነታቸው ያስተማሩባትን ጨንቻን አይተው ማታ አርባ ምንጭ ሊመለሱ ነው። ልክነሽን የጠራት የለም። «መንገዱ ገደል ነው» ብላ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለብርድ ጋቢ፣ ለማስመለስ ሎሚ፣ ለሁሉም ጸበል ይዛ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የፈራችው ሁሉ ቀረ። ጨንቻ ላይ ጋሽ ጥዑመልሳን የድሮ ክፍላቸውን አገኙ። በመስኮት አጮልቀው ባዶውን ክፍል «ጸጥታ!» ብለው ሲቆጡ ባለቤታቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሲመለሱ ዶርዜ ወረዱ። ዝሆን በሚመስለው የቀርከሃ ቤት ውስጥ ቆጮ በማር ቀረበላቸው፤ አረቄም ተከተለ። «ዮ! ዮ! ዮ!» እየተባለ መለኪያ ሲነሣ ልክነሽ ባዶ እጇን አንሥታ ከሁሉም በላይ ጮኸች። መፍራቷን ረሳችው።

ክብሩ መለኪያውን የደጋገመው ያን ጊዜ ነው።

ሲወጡ ጉም ወርዷል። ክብሩ ቁልፉን ከመኪናዋ በር ቀዳዳ ጋር ማገናኘት አቃተው። ልክነሽ አየችው። ቦርሳዋ ውስጥ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነበራት፤ ለሰከረ ሹፌር ግን አልያዘችም።

«ጠጥተሃል!» አለችው።

«ትንሽ ቀመስኩ። ይሄን መንገድ ተኝቼም እነዳዋለሁ።»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው።»

«እኔ ልንዳ» አለች አርሴማ። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፤ እናቷ ግን «ገና ነሽ» እያለች መሪ አስጨብጣት አታውቅም።

«ሹፌር ሆኜ ኋላ ተቀምጬ ከተማ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?» አለ ክብሩ።

ልክነሽ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጨች። በሁለት እጇ ይዛ ፊቱ ተንበረከከች።

ክብሩ ደነገጠ። የጋሞ ልጅ ነው፤ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ ሲሰማ አድጓል።

«ኧረ እትዬ! ይሄ እኮ የሽማግሌ ነው!»

«ሽማግሌ ስንፈልግ ይመሻል። በል፣ ጉልበቴን በረደኝ!»

ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጦ ደግፎ አነሣት።

ልክነሽ ጉሙን አየች፤ ቁልቁለቱን አየች። እዚሁ ማደርም ይቻላል፤ ጋቢ ይዛለች። አርሴማ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። አልለመነቻትም።

«እንኪ» አለቻት። ቁልፉን መዳፏ ውስጥ ከትታ ጣቶቿን አጠፈችላት። «ግን ቀስ!»

መኪናዋ ስትነሣ ጋሽ ጥዑመልሳን ከኋላ «ዮ! ዮ! ዮ!» አሉ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ መጣ። ልክነሽ «ወንበሩን» ልትል አፏን ከፈተች፤ የልጇን እጆች አየች። መሪው ላይ ረግተዋል።

አፏን ዘጋች። ከቦርሳዋ ሎሚውን አውጥታ ወደ ኋላ ለክብሩ አቀበለችው።