የአርብ ኩስኩስ

ገላነሽ ያየችውን ነገር ምንነት ሳታውቅ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው በፌስታሉ ምን እንደያዘ ሳታይ ከወረደች፣ ቀኑን ሙሉ ሲከነክናት ይውላል። እንዲህ ያለችው ሴት ሰባት ዓመት ሙሉ የነዒማን ኩስኩስ ሳትቀምስ መኖሯ ተአምር ነው።

ሁለቱ ፍራንክፈርት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ሆቴል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ያጣጥፋሉ። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ይዘው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛቸው ያልተጨዋወቱት ነገር የለም። ነዒማ የሞሮኮ ሰው ናት። አርብ አርብ ከሥራ ስትወጣ ጉትሎይት ሰፈር ወዳለው የአገሯ ልጆች ምግብ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያ ኩስኩስ የሚሠራው አርብ ብቻ ነው። «ነይ አብረን እንሂድ» ትላታለች። «አርብማ ጾም ነው» ትላለች ገላነሽ።

አልዋሸችም፤ ግን የነገረቻት ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ሥጋው ነው። ገላነሽ ክርስቲያን ያልባረከውን ሥጋ እንዳትነካ ተነግሯት ያደገች ናት። የፍራንክፈርቱን ሱፐርማርኬት ዶሮ ማን እንደባረከው ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም፤ እዚህ ላይ ያ ሁሉ ጉጉቷ ድምፁን ያጠፋል።

መሸሸጊያዋን ያፈረሰችባት የገዛ ልጇ ናት። ዘመኑ በፈረንጆች ዘጠና ስድስት ነው፣ ፋሲካ አልፎ ብዙም አልቆየም። እፀገነት የቤት ቁልፍ ልትወስድ ወደ እናቷ ሥራ ቦታ ስትመጣ፣ የተለመደችው «ጾም ነው» ጆሮዋ ገባች።

«ማማ፣ ኢር ፋስተት ዶኽ ዬትስት ጋር ኒሽት!» አለች፣ ነዒማም በምትሰማው ቋንቋ። አሁን እኮ አትጾሙም ማለቷ ነው። እውነትም በበዓለ ሃምሳ አርብም ይበላል።

ነዒማ የያዘችውን የአንሶላ ጫፍ ለቀቀች።

«ዛሬም እምቢ ካልሽ፣ የምትጸየፊው ምግቡን ሳይሆን እኔን ነው። ሁለተኛ አልጠይቅሽም» አለች።

ገላነሽ በዚያ ከተማ ከነዒማ ሌላ የልቧን የምታጫውተው ሰው አልነበራትም። ልጇን በዓይኗ ገርፋ ካፖርቷን ለበሰች።

ምግብ ቤቱ ገና ከበሩ ቀረፋ ቀረፋ ይላል። አስተናጋጁ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ መጥቶ እጃቸውን ሲያስታጥባቸው ገላነሽ ተገረመች፤ በዚህ አገር ምግብ ቤት ገብታ ማን አስታጥቧት ያውቃል! ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ የመሶብ ክዳን የሚመስል ሾጣጣ ሸክላ ሲነሳ አንገቷን አስግጋ አየች።

«ፕሪም ነው? ሥጋ ውስጥ?»

«ማርም አለበት» አለች ነዒማ እየሳቀች።

ገላነሽ የመጣችበትን ጭንቀት ለጥቂት ጊዜ ረሳችው። ከዚያ ኩስኩሱ መጣ። በሰፊ ሳህን ተቆልሎ፣ ዱባው፣ ካሮቱ፣ ሽንብራው ዙሪያውን ከቦት፣ አናቱ ላይ የበግ ሥጋ ጉብ ብሏል። ነዒማ ከሥጋው ምርጡን ቆርጣ ወደ ገላነሽ በኩል አስጠጋችላት። የገላነሽ እጅ ግን አልነሳ አለ።

«ነዒማ፣ ጾሙ ብቻ አልነበረም» አለች በመጨረሻ። «ሥጋው ነው። እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም። አንቺን ግን እወድሻለሁ።»

ነዒማ እጇን ከሳህኑ ሰበሰበች። አለቀ፣ ጓደኛዬን አጣኋት አለች ገላነሽ በልቧ።

«ያ በየፋሲካው የምትሰጪኝ ዶሮ ወጥ…» አለች ነዒማ ዓይኗን ሰብራ። «ቀምሼው አላውቅም። ዶሮው በቢስሚላህ አልታረደም። ለጎረቤቴ ነው የምሰጣት፣ አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት አለች።»

የገላነሽ ደም ፈላ። ያ ሁሉ ሽንኩርት! ያ ሁሉ ዕንባ!

«እጅ ያስቆረጥማል ያልሽኝስ?»

«እሷ ናት ያለችው።»

ንዴቷ እውነተኛ ነበር፤ ግን ጉጉቷ ቀደመው።

«እንቁላሉንስ… ወደደችው?»

«እሱን ለድመቷ ነው የምትሰጠው።»

መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች አልታወቀም። አስተናጋጁ ሰው የታነቀ መስሎት ውኃ ይዞ ሮጠ።

ሳቁ ሲበርድ ገላነሽ አትክልቱን እያየች «መረቁስ?» አለች።

«መረቁም የሥጋው ነው» አለች ነዒማ። ብትዋሽ ማን ያውቅባት ነበር? ገላነሽ ይህን ልብ አለች።

ነዒማ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። በዐረብኛ ስትከራከር ከውስጥ ተሰማ። ስትመለስ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች፤ በውኃ እንፋሎት ብቻ የበሰለ የገብስ ኩስኩስ ነው፣ ቀዝቃዛ አሬራ ፈሶበታል።

«የድሃ ምግብ ነው፣ እዚህ ለእንግዳ አያቀርቡትም። እናቴ በበጋ ትሠራልን ነበር።»

ገላነሽ ቀመሰች። አላመጠች። ደገመች።

«ይሄማ ቅንጬ ነው!» አለች። «ሰባት ዓመት የጓጓሁት ለቅንጬ ነው?»

ነዒማ የሥጋውን ሳህን ወደ ዳር ገፋችና ማንኪያ አነሣች። ገላነሽ ግን ቀደመቻት፤ የራሷን ማንኪያ ሞልታ ወደ አፏ ዘረጋችላት። ነዒማ ግራ ገብቷት ዙሪያዋን ቃኘች። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች ገላነሽ፣ ሁለተኛውን እየሞላች። ያን ሁሉ ዓመት ስትሠራላት ኖራ፣ ጓደኛዋ ከእጇ ስትበላ ያየችው ገና ዛሬ ነበር።