የረድፉ ጫፍ

"ያቺ ጥግ ላይ የምታለቅሰው ማን ናት?" አለች አክስትየዋ፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ወደ ታናሿ እህት ጆሮ ጠጋ ብላ።

"አዲሷ ናት። ከመዘምራኑ።"

"እኔ ደግሞ የሥጋ ዘመድ መስላኝ ሳጽናናት ቆየሁ።"

ታናሿ የሟቿ እህት ሆና ሳለ ሰው ሁሉ ውሃ የሚያቀርበው ለአዲሷ ነው። ብርጭቆዎቹን ከጠረጴዛው ላይ ለቃቅማ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ግማሾቹ ገና አልተጠጡም ነበር።

ሟቿ ታላቅ እህቷ የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ስትመራ ታናሿ ሁልጊዜ በቀኟ ትቆም ነበር። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ያደጉ ናቸው። ታላቋ መዝሙር ልትጀምር ስትል ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ትንፋሽ ትስባለች፤ ታናሿ ያንን ትከሻ ዓይኗን ጨፍናም ታውቀዋለች። ከዚያ አዲሷ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ድምጿ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከፍርሃት የተነሳ መግቢያውን፣ መዝሙሩ የሚጀመርበትን ቅጽበት፣ ትስታለች። በመጀመሪያው ልምምድ ታላቋ እጇን ይዛ ከጎኗ አቆመቻት።

"አንቺ እዚያ ጫፍ ሂጂልኝ" አለቻት ታናሿን። በሰው ፊት፣ ወንበር እንደሚያዛውር ሰው።

ከዚያ ወዲህ ታናሿ ልምምድ ሲያልቅ ታላቋን ጠብቃት አታውቅም። "አኮረፍሽ እንዴ?" ታላቋ ስትላት፣ "ምን ያስኮርፈኛል?" ትላለች። አንድ ቀን ቁጭ ብለው ሊነጋገሩበት ነበር። የታላቋ ልብ ግን አንድ ጠዋት ሳይታሰብ ቆመ።

"እህቴ፣ ላግዝሽ?" አለች አዲሷ ከበሩ ላይ።

"እኔ እህትሽ አይደለሁም። ደግሞ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ።"

"እስካሁን እንግዳ ነኝ?"

ታናሿ ቧንቧውን ዘጋች። "ቦታዬን ከወሰድሽማ ቆየሽ።"

"እኔ ከጎኗ የቆምኩት ስለማልችል ነው" አለች አዲሷ ቀስ ብላ። "ስሳሳት ክንዴን እንድትይዘኝ። መግቢያው ላይ ግን፣ 'እኔን አትዪ፤ ከጎን አልታይሽም። ጫፍ ላይ ያለችውን እዪ፣ ልክ እንደ እኔ ነው የምትተነፍሰው' ትለኝ ነበር።"

መዘምራኑ የሚቆሙት በግማሽ ክብ ነው። ጫፍ ላይ ያለ ሰው መሃል ላይ ላሉት ፊት ለፊት ይታያል።

"ለኔ ለምን አልነገረችኝም?"

"ጠይቄያት ነበር። 'ለእሷማ አይነገራትም፣ ታውቃለች' አለችኝ።"

ታናሿ አታውቅም ነበር። አንዱን ብርጭቆ ሁለቴ አጠበችው።

ሳሎን ውስጥ መዘምራኑ ሊዘምሩ ተነስተው ቆሙ። የመሪዋን ቦታ ማንም ሳይነግራቸው ክፍት ተውት።

"ሰልፉ ተጣሟል" አለ ኪቦርድ መቺው። "ብታየን ከደጅ ትመልሰን ነበር።" ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ አቀረቀሩ።

አዲሷ ከክፍቱ ቦታ ጎን ፈቀቅ አለች። "ነይ፣ ቦታሽ ነው።"

ታናሿ ቦታውን አየችው። ስንት ወር ሙሉ ተመኝታዋለች፤ አሁንም ትመኘዋለች። ከዚያ ሆና ግን ለአዲሷ አትታያትም። በተቀመጡት ለቀስተኞች ጉልበት መካከል ተሹለክልካ ወደ ረድፉ ጫፍ ሄደች።

አዲሷ ዓይኗን ተከለችባት።

ታናሿ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ ትንፋሽ ሳበች። አዲሷ መግቢያውን አልሳተችም። ታናሿ ራሷ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም።

የመዝሙሩ ሁለተኛ አንቀጽ ሲደርስ ታናሿ ትከሻዋን እንደገና ከፍ አደረገችላት።